ፉሪ፣ ጭቃ እና የጉሌድ ፍየሎች

ከፒያሳ የወጣሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ፉሪ ስደርስ እየመሸ ነበር። መሃሉን አልተርክም። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ፣ ጀሞ ላይ መንገድ መዘጋጋት፣ በቃ።

እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር ደጃፌ ላይ እያሉ ነው ያደግኩት። ፊልም ለማየት ሦስት ታክሲ መቀየር ለኔ ነውር ነው። ግን የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ፉሪ ያደረሰው አንድ የድሬ ልጅ ጓደኛ አለኝ። "አቦ፣ የሶማልኛ የፍቅር ፊልም አግኝቻለሁ፤ ና፣ እኔ እተረጉምልሃለሁ" ሲለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ከዋናው መንገድ ባጃጅ ያዝኩ። "ኮንትራት ነው፤ 200 ብር" አለ ልጁ። ልከራከር ስል ዝናቡ ከሱ ጋር ወግኖ ዶፉን ለቀቀው። ከፈልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃው ሲበዛበት "ከዚህ ወዲያ አያስገባም" ብሎ አወረደኝ። ፒያሳ ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ይፈርድልኝ ነበር። እዚህ የሰማኝ አንድ ያላለቀ ፎቅ ብቻ ነው።

ከፎቁ ሥር ጋቢ የደረቡ ዘበኛ ብቅ አሉ።

"ወዴት ነህ ልጄ?"

ነገርኳቸው።

"ብቻህን አትሂድ፣ ውሻው አያሳልፍህም" ብለው ዱላቸውን ይዘው ቀደሙ። እውነትም አንድ ቡናማ ውሻ እስከ መታጠፊያው እየጮኸ ሸኘን። በሩ ላይ ስንደርስ 50 ብር ብዘረጋላቸው ተቆጡኝ። "ለዚች?" ብለው ተመለሱ። እኔ ደግሞ አመሰግናለሁ እንኳ በቅጡ አላልኩም፣ ጫማዬን ሳይ ነበር።

ጓደኛዬ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥሯል። ፕሮጀክተሩን ተውሶ ነው ያመጣው። ፊልሙ "የመቃብር ቆፋሪው ሚስት" ይባላል። ዳይሬክተሩ ከዳር አይደሩስ አሕመድ ሞቃዲሾ ተወልዶ በጎረምሳነቱ ፊንላንድ የገባ ሰው ነው። ታሪኩ ግን ጅቡቲ ከተማ ነው፤ እዚሁ ከለቡ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር የሚያደርስበት ከተማ።

ጉሌድ አካፋ ይዞ ከሆስፒታል ደጅ ሬሳ የሚጠብቅ ድሃ ነው። ሰው ካልሞተ እሱ ቤት እራት የለም። ሚስቱ ናስራ ኩላሊቷን ታማለች። ለቀዶ ሕክምናው 5 ሺህ ዶላር ይጠየቃሉ። ሰውዬው ምን ያድርግ? የፍየል መንጋውን ሊጠይቅ ወደ ትውልድ መንደሩ በእግሩ ይነሳል። ችግሩ፣ ከዚያ መንደር ሁለቱም ተዋደው የጠፉ ናቸው። ደስ ያለኝ ሕመሙ መሃል መቀላለዳቸው ነው። እኛ ፊልም ላይ ሕመምተኛ አንዴ አልጋ ከያዘ መሳቅ ክልክል ነው። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ጓደኛዬ ግን ከጽሑፉ ቀድሞ ይስቃል።

ጉሌድ በድንጋያማው በረሃ ላይ ብቻውን እየሄደ ሳለ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያለ ገመድ አይሠራም። ሻማ በራ።

ጓደኛዬ በጨለማ ወሬውን ቀጠለ። ፊልሙ በ2014 ጥቅምት የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ፣ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ሶማሊያ ለኦስካር ውድድር የላከችው የመጀመሪያ ፊልምም እሱ ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ የሞቃዲሾ ብሔራዊ ቴአትር ከ30 ዓመት በኋላ ፊልም አሳይቶ ነበር። ሲኒማ እንዲያ ተዘግቶበት ከኖረ ሕዝብ እንዲህ ያለ ፊልም ሲወጣ፣ እኛ የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ ስናፋቅር ከረምን።

ባለቤቱ ዝም ብላ ቆይታ ጠየቀችው።

"አንተ ለኔ እንደሱ ትሄድልኝ ነበር?"

"ፍየል የለኝማ።"

"ቢኖርህስ?"

"ባጃጅ ካለ።"

ትራስ ወረወረችበት። እኔ 200 ብሬን አስታወስኩ።

መመለሻ ስላልነበረ አደርኩ። መጅሊሱ ለቁመቴ አጠረ፣ ቁንጫው ግን ልክ አላጣም። ጅብ ሲጮህ በልጅነቴ አያቴ ዘንድ ከሰማሁት ወዲህ መስማቴ ነው። ፒያሳ ሌሊት የሚጮኸው ሰካራም ነው፤ እሱን ለምጄዋለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ላፕቶፑን ሰክቼ ድምፁን ዘግቼ የቀረውን ማየት ጀመርኩ። ባለቤቱ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ አየችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። እሱን እንዳንቀሰቅስ ትንፍሽ ሳንል እስከ መጨረሻው አየን። ሻዩ የተፈላው ከዚያ በኋላ ነው።

ስወጣ ዘበኛውን ላመሰግን ፈለግኳቸው። ፎቁ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ያ ቡናማ ውሻ እግራቸው ሥር ተጋድሟል።

ትንሽ ወረድ ብሎ ባጃጅ ተሰልፏል። ሦስት ሆነን ተሳፈርን። 20 ብር።