የሰው ደብዳቤ

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሳሁና ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1918 የሠራውን የወታደር ኮሜዲ፣ «ሾልደር አርምስ»ን ከፍቼ አየሁ። ድምፅ አልባ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ቻርሊ ምልምል ወታደር ነው። ዙር ሲባል እግሩ ይጠላለፍበታል። ቀጥ ብለህ ቁም ቢሉት ጫማው ወደ ውጭ ይዞርበታል። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ምሽግ ውስጥ። መኝታው በውሃ ተሞልቶ፣ ከውሃው ሥር በግራሞፎን ቀንድ እየተነፈሰ ሲተኛ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። በኋላ የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት፣ ካይዘሩን ሳይቀር ይማርካል (ካይዘሩን የተጫወተው ወንድሙ ሲድኒ ነው)፣ ሲነቃ ግን ሁሉም ሕልም ነበር።

እኔን የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው። ፖስታ ይመጣል። ለጓደኞቹ ይታደላል፣ ለእሱ የለም። አንዱ ወታደር ቆሞ ደብዳቤውን ሲያነብ ቻርሊ ከኋላው በትከሻው አሻግሮ አብሮ ያነባል። ሰውየው ፈገግ ሲል እሱም ፈገግ ይላል፤ ሰውየው ሲጨነቅ እሱም ይጨነቃል። የሚያውቀው ሰው የለበትም እኮ! ሦስት ጊዜ መለስኩት።

ፊልሙ የወጣው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። በዚህ ሰዓት በጦርነት መቀለድ አደገኛ ነው ብለው ያስጠነቀቁት ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ያቺን ትዕይንት ያየ ሰው ቻፕሊን ወታደሩን ንቋል ሊል አይችልም።

ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ። ልጃቸው ግንባር የነበረ ጎረቤታችን ደብዳቤ ሲደርሳቸው ያስጠሩኛል። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።» ሁልጊዜ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ታዲያ ሌላ እናት ነበሩ፣ የእሳቸውም ልጅ ዘምቶ ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ ልኮላቸው የማያውቅ። ሳይጠሩ ይመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ሳነብ ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። «ደህና ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ፣ «እስቲ የኔ ጌታ፣ ያቺን ድገማት» ይሉኛል። እደግማታለሁ።

ባለደብዳቤዋ አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም። እንዲያውም እኔን ከማስጠራታቸው በፊት በርጩማውን በሩ ሥር አውጥተው ያስቀምጡላቸው ነበር።