ሁለተኛዋ ካሴት

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ መዝሙር አሳታሚዎች ታሪክ ነው። ዘማሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሸክላው መሐል በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ ስሙ የሰፈረውን ድርጅት ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። (ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ከቀደምቶቹ አንዱ ሆመር ሮድሄቨር ነው። በወንጌላዊው ቢሊ ሰንዴይ ጉባኤዎች ትሮምቦን ይዞ ሕዝቡን ያዘምር የነበረው ይህ ሰው በ1920 አካባቢ ሬይንቦው የተባለ አሳታሚ አቋቋመ። ከዚያም በ1951 ቴክሳስ ውስጥ፣ ዌኮ ከተማ፣ ጃረል ማክራከን ዎርድ የተባለውን አሳታሚ መሠረተ። የዎርድ አጀማመር ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ሸክላ መዝሙር እንኳ አልነበረም፤ በክርስትናና በክፋት ኃይሎች መካከል የተካሄደ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ በሬዲዮ የሚተላለፍ አስመስሎ የተቀረጸ ስብከት ነው። ድርጅቱም ስሙን ያገኘው በዚያ ትረካ ውስጥ ካለው ምናባዊ ጣቢያ ነው። በ1970 ዘማሪው ላሪ ኖርማን ዋን ዌይ በተባለ የራሱ አሳታሚ ሥራውን ማውጣት ጀመረ፤ በ1971 ደግሞ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የካልቫሪ ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ጊታር ይዘው ለመጡት ወጣቶች ማራናታን አቋቋመ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዘማሪው ኪት ግሪን ነው።

ስፓሮው ቢሊ ሬይ ኸርን በ1976 ያቋቋመው አሳታሚ ነው፤ የግሪን የመጀመሪያ አልበም በቀጣዩ ዓመት የወጣው በዚያ ነበር። አልበሙ ተወደደ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀው የተሻለ ክፍያ ነበር። እርሱ ግን በ1979 ከውሉ እንዲለቁት ጠየቀ፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሌለው ሰው መዝሙሩን ሳይሰማ መቅረቱ ሕሊናውን ስለከበደው ነው። ለቀቁት። ይህንን መልካምነት ማለፍ አልፈልግም፤ ተፈላጊ ዘማሪን ከነውሉ አጥብቆ መያዝ ይቻል ነበር።

ከዚያ ከባለቤቱ ከሜሎዲ ጋር ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩና አዲሱን አልበም በራሳቸው አሳታሚ በ1980 አወጡት። ዋጋው ገዢው የሚችለውን ያህል ነበር። ምንም የሌለው በነጻ ይወስዳል። እስከ ግንቦት 1982 ድረስ ከ200,000 በላይ ቅጂ ተሠራጭቶ 61,000ው በነጻ የተላከ ነው። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። በነጻ ስጡ ሲባል ሁሉም በነጻ ይወስዳል ብዬ እሰጋ ነበር፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ግን ያለውን አዋጥቷል።

ሐምሌ 28 ቀን 1982 ቴክሳስ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሁለት ልጆቹም አብረውት ነበሩ። 28 ዓመቱ ነበር።

አሳታሚዎቹ ከጊዜ በኋላ ወደ ትልልቆቹ እጅ ገቡ፤ ስፓሮውን እንኳ በ1992 ኢኤምአይ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት ገዛው። ይህን የማነበው በቅሬታ ነው። መዝሙር ሲሸጥ አይከፋኝም፤ ስቱዲዮ፣ ሙዚቀኛና ማተሚያ ሁሉ ዋጋ አለው። የሚያሳዝነኝ አንድ ሰው በጸሎት የደረሰው መዝሙር ዘማሪው ከማያውቀው ድርጅት ወደ ሌላው እንደ ዕቃ በዝርዝር ሲተላለፍ ነው።

ዛሬ ማታ የ1980ውን አልበም ሰማሁት። ፒያኖውን በኃይል ይመታዋል፤ ድምፁ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ድንገት ደግሞ ዝግ ይላል። አንዱ መዝሙር ላይ ሃርሞኒካ የሚነፋው ቦብ ዲላን ነው። ስሰማው ያሰብኩት ግን አንድ ያነበብኩትን ነገር ነበር፤ የግሪን ካሴት በመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሮች መሸጥ ሲጀምር፣ አንድ ለገዛ ሰው ለወዳጁ የሚሰጣት ሁለተኛ ካሴት በነጻ ትጨመርለት ነበር። ገዢው ከመደብሩ ሲወጣ ሁለተኛዋ ገና ባለቤት የላትም። እኔ ብሆን ለማን እሰጣት ነበር ብዬ ስሞች ሳስብ አመሸሁ። ሁለት መጡልኝ፤ አንደኛውን ካነጋገርኩት ሦስት ዓመት አልፎታል።