አስታማሚ የሌለበት ሆስፒታል

ዛሬ የደሴ ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ስለሸፈነው ከቤት አልወጣሁም። እናቴ ቡና ስታፈላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 የወጣውን፣ የአእምሮ ሆስፒታል ታካሚዎችን ሕይወት የሚያሳየውን «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተባለ ፊልም እየተረጎምኩላት አየን። ዳይሬክተሩ ሚሎሽ ፎርማን ፊልሙን የቀረጸው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በሚገኝ እውነተኛ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሐኪሙን ሆነው የተወኑትም የዚያው ሆስፒታል ኃላፊ ናቸው። እውነተኛነቱ በታካሚዎቹ ፊት ላይ ይነበባል። የቤዝቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ድምፅ ስጡ ተብለው እጃቸውን እየፈሩ ሲያወጡ እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ «አየህ፣ ሰው እኮ ናቸው!» አለች።

አንድ ነገር ግን አስቆጥቶኛል። በጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ የሚሰጠው ሕክምና ያለ ማደንዘዣ፣ እንደ ቅጣት ብቻ ይታያል። ዛሬ ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ የሚሰጥ፣ ከባድ ድብርት ያለበትን ሰው ሊያድን የሚችል ሕክምና ነው። ይህን ፊልም ብቻ ያየ ቤተሰብ ልጁን ሆስፒታል ለመውሰድ ቢፈራ አልፈርድበትም።

ደግሞስ አስታማሚ የት አለ? ወንድሜ ታምሞ በነበረ ጊዜ እናቴ ጠዋት ጠበል፣ ማታ ክኒኑን ይዛ ለወራት ከአጠገቡ አልተለየችም። ፊልሙ ሲያልቅ «የእነዚህስ እናቶች የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። በረካውን ሳትጠጣ ኮምቦልቻ ላለው ወንድሜ ደወለች።