በአሥራ ስድስት ዓመቴ መሐንዲስ ነበርኩ

የካናዳ የጥናት ፈቃድ ማመልከቻዬ ውድቅ መሆኑን የሚገልጸው ኢሜይል በነሐሴ 2015 ሲደርሰኝ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነበርኩ፤ ቡናው ሁለተኛው ተቀድቷል። “ምን አሉህ?” አለችኝ። “ትምህርትህን ስትጨርስ ትመለሳለህ ብለን አላመንንም ነው የሚሉት” አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠችና “ገና ሳትሄድ?” አለች።

ሳታውቀው የነገሩን እምብርት ነክታዋለች። እኔ ወራት የፈጀሁት መሄድ የሚገባኝ ሰው መሆኔን ለማሳየት ነበር፤ ደብዳቤው የጠቀሰው የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 216 ግን የሚጠይቀው ስለ መመለስ ነው።

በ2008 ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና ተመርቄ በአንድ የዞን የውሃ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሳስካቱን ከተማ ካለ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የመቀበያ ደብዳቤ ሳገኝ፣ የቀረውን ሥራ አዲስ አበባ ላለ አንድ አማካሪ ድርጅት ሰጠሁ። ገንዘብ ከፍዬ ያገኘሁት ሁለት ገጽ “የዓላማ መግለጫ” ነበር። አንደኛው ገጽ በሙሉ የካናዳን ውበትና የሕዝቧን ደግነት ያወድሳል። ካናዳውያን 150 ዶላር የማመልከቻ፣ 85 ዶላር የአሻራ ያስከፈሉኝ ስለ አገራቸው ውበት ከእኔ ለመስማት እንዳልሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

አማካሪው አንድ ሌላ ምክር ነበረው፦ ካልጋሪ የምትኖረውን እህቴን ከቤተሰብ ቅጹ ላይ እንዳወጣት። “ዘመድ አለው ካሉ አይመለስም ይላሉ” አለኝ። ቅጹ እህትና ወንድምን በስም ይጠይቃል፤ ሐሰት ከተገኘ ደግሞ አምስት ዓመት ያስከለክላል። እምቢ አልኩ። በመጀመሪያው ዙር የሠራሁት ትክክለኛ ነገር ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ ያቺው እህቴ ናት ያወጣችኝ።

የክልከላው ደብዳቤ የሚጠቅሳቸው ምክንያቶች ለማንም ሊጻፉ የሚችሉ ናቸው፤ “የገንዘብ አቅም”፣ “የጉብኝቱ ዓላማ” የመሳሰሉ። ፋይሉን ያየው ሰው በራሱ ቃል የጻፈው ማስታወሻ ግን ያን ጊዜ ለብቻው ነበር የሚገኘው። ካናዳ ውስጥ ያለ ሰው፣ የአመልካቹን የፈቃድ ፊርማ አያይዞና 5 ዶላር ከፍሎ፣ በመረጃ ማግኘት ሕጉ መሠረት ሊጠይቀው ይችላል። ሕጉ ለመልሱ 30 ቀን ይሰጣቸዋል። እህቴ ጠየቀችልኝ። ስንት ወር የደከምኩበት ፋይል በጥቂት መስመር አልቋል፤ ግን እያንዳንዷ መስመር እውነት ነበረች።

የመጀመሪያዋ ስለ ገንዘብ ናት። የወር ደመወዜ 11 ሺህ ብር ነው። የባንክ መግለጫዬ ላይ ደመወዙ በየወሩ ይገባል፣ በየወሩ ያልቃል። ከዚያ ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሦስት ቀን ውስጥ 600 ሺህ ብር ተከመረ። እኛ ዘንድ ይህ ምን ይገርማል? ዘመድ ተሰበሰበ፣ አጎቴ አይሱዙውን ሸጠ፣ የዕቁብ ዕጣዬም ተጨመረበት። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ግን አጎቴንም ዕቁብንም አያውቅም። ያየው አንድ ደመወዝተኛ በድንገት ሀብታም ሲሆን ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

ሁለተኛዋን ሳነብ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ለቀቀኝ። የተወለድኩት ጥር 6 ቀን 1985 ነው፤ በፓስፖርቴ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 1993 ተብሎ በትክክል ሰፍሯል። የልደት ምስክር ወረቀቱን የተረጎመልኝ ሰው ግን ሰባት ዓመት ብቻ ደምሮ 1992 አደረገው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚደመር ዘንግቶታል። ይህስ ይሁን። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ “ከጥቅምት 2009 ጀምሮ” ይላል፤ ተርጓሚው ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ገልብጦ ወሩን ብቻ “ኦክቶበር” ብሎታል። እንግዲህ በሰነዶቼ መሠረት በአሥራ ስድስት ዓመቴ መሐንዲስ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ (የተመረቅሁበት 2008 በአውሮፓ አቆጣጠር 2016 ነው) ምህንድስና ተመርቄያለሁ ማለት ነው። ማስታወሻው “የሥራ ታሪኩ ከትምህርቱ ጋር አይጣጣምም” ይላል። ትርጉሞቹን ማኅተም እንዳላቸው ብቻ አይቼ ነበር ያስገባኋቸው።

ሦስተኛዋ ትምህርቱ ለሥራዬ ምን እንደሚጨምር አልተብራራም ትላለች። የአማካሪውን ድርሰት ያነበበ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ውሳኔውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ውድ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነበር። ዳግም ለማመልከት የሚጠበቅ ጊዜ የለም፤ አሻራም አሥር ዓመት ስለሚያገለግል እንደገና አልሰጠሁም። የመቀበያ ደብዳቤዬን ለቀጣዩ ዓመት አሻግሬ ሁሉንም ከሥሩ ጀመርኩ። መካከል ላይ ሕጉ ተለወጠ፦ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ውጪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ መታየት ያለበት ገንዘብ ከ10,000 የካናዳ ዶላር ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ 20,635 አደገ። (ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ደግሞ 22,895 ሆኗል፤ የሚያመለክት ሰው የዓመቱን ቁጥር ያጣራ። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄዱ ከክፍለ ሀገሩ የማረጋገጫ ደብዳቤም ያስፈልጋቸዋል።)

የዓላማ መግለጫውን ራሴ ጻፍኩ። በምሠራበት ዞን አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሰጠ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲህ የውሃው ከፍታ ወረደ አልወረደ የሚለካው የለም፤ ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው የምንሰማው። ልማር የምሄደው የከርሰ ምድር ውሃ ክትትልን ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ስመለስ የምሠራው ይኸው ነው። አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። ካናዳ ውብ ናት የሚል ቃል የለበትም።

ለገንዘቡ እያንዳንዱን ብር እስከ ምንጩ ተከተልኩት። የአጎቴ የመኪና ሽያጭ ውል፣ ገንዘቡን በስጦታ እንደሰጠኝ ውልና ማስረጃ ሄዶ የፈረመው ሰነድ፣ የንግድ ፈቃዱ። ዕቁቡ አስቸገረ፤ ዕቁብ ማኅተም የለውም። የዕቁባችን ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝርና የእኔን ዕጣ ቀን ጽፎ ፈረመልኝ፤ እኔም ዕቁብ ምን እንደሆነ በአራት መስመር አስረዳሁ። እህቴ የሥራ ደብዳቤዋን፣ የግብር መግለጫዋንና የስድስት ወር የባንክ መግለጫዋን ላከች፤ የመጀመሪያውን መንፈቅ ክፍያ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ከፍላ ደረሰኙን አያያዝኩ። ቀኖቹን በሙሉ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጬ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጨመርኩ። በዚያው ገጽ ላይ ስለ ስም ጻፍኩ፦ ፓስፖርቴ የአያቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞታል፣ ዲግሪዬ ግን በእኔና በአባቴ ስም ያበቃል፤ በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ ያለው ሰው ግን አንድ ነው፤ እህቴና እኔ የምንጋራውም ያንኑ የአባትና የአያት ስም ነው።

መጋቢት 2016 አስገባሁ፣ ሰኔ ላይ ፓስፖርትህን አምጣ ተባልኩ። እፎይ ሳልል ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ለሁለተኛው መንፈቅ በብር ያስቀመጥኩት ገንዘብ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እህቴ ሞላችው፤ ዕዳዋ እስከ ዛሬ አላለቀም። ቀድሞ በዶላር የተከፈለ ክፍያ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፈው ቪዛ የመግቢያ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ራሱ የሚታተመው ድንበር ላይ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኢሚግሬሽን ክፍሉ ወንበር ላይ ሰነዶቼን ታቅፌ ተቀመጥኩ። መኮንኗ አንድ ስም ጠራች። ደገመችው። የሚነሣ ሰው ጠፍቶ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሦስተኛ ስትጠራ ነው የአያቴ ስም መሆኑን የለየሁት። ስለዚያ ስም ሙሉ አንቀጽ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።