ነጭ ዓሣ ሽቅብ የሚወጣባት ጅረት

ባሕር ዳር ውስጥ የዓሣ ወሬ ሲነሣ የሁላችንም ዓይን ወደ ሐይቁ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዓሣ በታንኳ ወይም በጀልባ ከጣና ወጥቶ በዳርቻው ምግብ ቤቶች ተጠብሶ የሚቀርበውን ብቻ ነበር። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው መካከል ብዙዎቹ የሚወለዱት ከሐይቁ ርቀው፣ ክረምት ሲገባ በሚሞሉና በጋ ላይ በእግር በሚሻገሯቸው ትንንሽ ጅረቶች ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ አጎቴ ደራ ውስጥ ያላቸውን መሬት የምታዋስነውን ስም የለሽ ጅረት ለማዳን መሞከር ከጀመርን በኋላ ነው። ጅረቷ የጉማራ ገባር ናት፤ ጉማራም ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ ጋር ጣናን ከሚመግቡት ዋና ዋና ወንዞች አንዱ ነው።

ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ በሚሉት ወገን ሥር ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተው መዝግበዋል፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም አይገኙም። ከሐይቁ በታች 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላኖራቸው እዚሁ በራሳቸው መንገድ ተለያይተው አደጉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ይህ ወገን ሌሎች ዓሦችን እያሳደዱ የሚበሉ ስምንት ዝርያዎችን ማፍራቱ ነው። ከ15ቱ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲመጣ ወደ ወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከዚያም ጎርፉ ጋብ ብሎ ውሃው መጥራት ሲጀምር፣ ይበልጡን በነሐሴና በመስከረም፣ በገባር ጅረቶቹ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ጠጠር ላይ ነው። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይገባል፤ በክፍተቱ የሚያልፈው ንጹሕና ፈጣን ውሃ ኦክስጅን ያደርስለታል፤ የተፈለፈለውም ጫጩት ራሱን ችሎ እስኪዋኝ ድረስ እዚያው ይደበቃል። ከታረሰ ተዳፋት የሚወርደው ደለል ክፍተቱን ሲደፍነው፣ ላይ ላዩን ሲታይ ጅረቷ አሁንም ውሃ አላት፣ ጠጠሩም አለ፤ እንቁላሉ ግን ታፍኖ ይሞታል። ጠጠሩን ለግንባታ እየዛቁ በገልባጭ መኪና የሚያግዙት ሰዎች ሲመጡ ደግሞ የሚደፈነውም አይተርፍም።

እኛ ሥራውን ስንጀምር ጅረቷ ሁለቱም ደርሰውባት ነበር። ዳርቻዋ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ ታርሷል፤ ከብቶች በፈለጉበት እየወረዱ ይጠጣሉ፤ ከአጎቴ ማሳ በላይ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ ቀይ አፈር ይልክባታል። አጎቴ፣ «እኛ በልጅነታችን ነሐሴ ላይ ስንሻገር ዓሣው እግራችንን ይመታን ነበር፤ አሁን እንቁራሪት እንኳ የለም» ይሉ ነበር። እኔ ከከተማ የመጣሁ እንደመሆኔ ችኩል ነበርኩ። በተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ያየሁትን ይዤ፣ አፈሩን ለማስቀረት ጅረቷን አቋርጠን የድንጋይ ክትር እንሥራ አልኩ። ጎረቤቶቻችን ተባብረውን በሚያዝያ ወገብ የሚደርስ ጥሩ ክትር ሠራን፤ ፎቶ አንሥቼ ለወዳጆቼ ሁሉ መላኬንም አልክድም።

ነሐሴ ላይ አጎቴ ደውለው፣ «ና እይ፣ ዓሣ መጥቷል» አሉኝ። ደስ እያለኝ ደረስኩ። ዓሣው በእርግጥ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ክትራችን ሥር ተከማችቶ፣ መዝለል እያቃተው ከድንጋዩ ጋር ይላተማል፤ የመንደሩ ልጆችም በቅርጫትና በእጃቸው እየዛቁ ያወጡታል። ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠሩ ሴት ዓሦች ሣሩ ላይ ተደርድረው አየሁ። ልጆቹን መቆጣት አልቻልኩም፤ ወጥመዱን የሠራሁላቸው እኔ ነበርኩና። ለዓሣ ብለን የሠራነው ክትር፣ ዓሣው ለብዙ ዘመን ሲወጣባት የኖረችውን መንገድ በአንድ ወቅት ዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ከአጎቴና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ክትሩን መሐሉን አፍርሰን ውሃው በተፈጥሮው እንዲወርድ ለቀቅነው። በበጋው ድንጋዩን በአህያና በሸክም አንሥተን ወደ ቦረቦሩ ወሰድነው። ክትር የሚገባው እዚያ ነው፤ ቦረቦር ዓሣ አይወጣበትም፣ አፈሩ ግን የሚመጣው ከእርሱ ነው። በደረጃ አምስት ትንንሽ ክትሮችን ሠርተን ከኋላቸው ዝሆኔ ሣር ተከልን። አንድ ክረምት ሳይሞላ ሁለቱ እስከ አፋቸው በደለል ሞሉ፤ ያ ሁሉ አፈር ጠጠሩ ላይ ሊወርድ የነበረ ነው።

በዳርቻው በኩል ከሁሉ የተሳካልን አኻያ ነው። ቅርንጫፉ በእርጥብ መሬት ላይ ቢቸከል ሥር ያወጣል፤ ሥሩም ዳርቻውን አጥብቆ ይይዛል፤ ጥላው ደግሞ የበጋውን ውሃ ከመሞቅ ይከላከላል። ከችግኝ ጣቢያ አምጥተን የተከልነውን ዶቅማ አብዛኛውን ፍየሎች በሉት፤ አኻያው ግን እየተበላም አቆጠቆጠ። ባሕር ዛፍ እንትከል ያሉ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ገንዘብ እንደሚያመጣ አልክድም፣ ግን በጋ ላይ ለመድረቅ ለምትዳዳ ጅረት ውሃ የሚሻማ ዛፍ አጠገቧ ማቆም አልዋጥልህ ስላለኝ አጥብቄ ተከራከርኩ። ለከብቶቹ ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ መውረጃ ለይተን ሌላውን ዳርቻ በእሾህ አጠርን። ይህን ያሳመኑት አጎቴ ናቸው፤ እኔ ብናገረው ማንም የሚሰማኝ አይመስለኝም።

በእርግጥ አንዲት ጅረት ብቻዋን ምንም ያህል ብትጸዳ፣ ዓሣው ወደ እርሷ ሳይደርስ ካለቀ ከንቱ ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና በስፋት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ በወንዝ አፍ ላይ ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ በመረብ ማጥመድ ቀላል ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በየጅረቱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን ማደንዘዝም የቆየ ልማድ ነው፤ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። በቆጋና በርብ ላይ የተሠሩት ግድቦችም ለመስኖ የሚሰጡት ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ ከእኔ ወገብ ከፍታ ክትር ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል እንደሚዘጉ ማሰብ አያዳግትም። አምባዛ የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው፤ እርሱ የሚፈልገው በክረምት ውሃ የሚተኛባቸውን እንደ ሸሸርና ወለላ ያሉ የፎገራ ረግረጎች ነው፤ እነርሱም በእርሻ እየተገፉ ጠበዋል። እምቦጭ ሁሉም ስለሚያውቀው እዚህ አላነሣውም።

ለእኛ አሁን የቀረው ፈተና የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ከላይ ያሉት ገበሬዎች ከኅዳር ጀምሮ ለሽንኩርት ውሃ ስለሚስቡ፣ ወደ ሐይቁ ያልወረደው ጫጩት በየኩሬው ተቋርጦ ይቀራል፤ ኩሬውም ሲደርቅ ለወፎች ሲሳይ ይሆናል። ባለፈው መስከረም ጠጠሩ ላይ ዓሦች ጀርባቸው ከውሃ በላይ እየታየ ሲንቦጫረቁ አጎቴና እኔ ከአኻያው ጥላ ሥር ሆነን ለረጅም ጊዜ አየን። ኅዳር ላይም ጣት የማያህሉ ጫጩቶች በትልቁ ኩሬ ውስጥ ነበሩ። አጎቴ ወደ ላይኛው ማሳ ባለቤት ሄደው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከብዙ ወሬ በኋላ ሰውዬው ሞተሩን ከዚያ ኩሬ አንሥቶ ወደ ታችኛው ለማዞር ተስማማ። ለዚህም ሃያ ሜትር ተጨማሪ ቱቦ ጠየቀ። ቱቦውን ቅዳሜ ከባሕር ዳር ገዝቼ እወስድለታለሁ።