ካውናስ፦ የሱጊሃራ ቤት

ወደ ካውናስ የሄድኩት በሊትዌኒያ የጃፓን ምክትል ቆንስል የነበሩትን የቺዩኔ ሱጊሃራን ቤት ለማየት ነው። ከዋና ከተማዋ ከቪልኒየስ በባቡር ሩቅ አይደለም። ቤቱ በዣሊያካልኒስ ኮረብታ ላይ፣ በቫይዥጋንታስ ጎዳና የሚገኝ ሲሆን ከ1939 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ቆንስላም መኖሪያም ሆኖ ያገለገለ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

በሐምሌ 1940 ከናዚዎች የሸሹ፣ አብዛኞቹ ፖላንዳውያን የሆኑ አይሁዳውያን ይህን አጥር ከበው ቆሙ። ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ይዛ የውጭ ቆንስላዎች እንዲዘጉ አዝዛ ስለነበር፣ የቀራቸው መንገድ በሳይቤሪያ በኩል ወደ ጃፓን የሚያሻግረው ብቻ ነበር። የቶኪዮ መመሪያ ግን የመጨረሻ መዳረሻው ላልታወቀና በቂ ገንዘብ ላልያዘ ሰው የመሸጋገሪያ ቪዛ እንዳይሰጥ ያዝዛል። ሱጊሃራ መመሪያውን አልፈው ከሁለት ሺህ በላይ ቪዛ ሰጡ፤ በአንዱ ቪዛ አንድ ቤተሰብ ሊሄድበት ይችል ስለነበር የዳኑት ሰዎች ከዚህ ቁጥር እንደሚበልጡ ይገመታል።

በቢሯቸው ከጽሕፈት ጠረጴዛው ይልቅ ያቆመኝ የአንዱ ቪዛ ቅጂ ነው። የጃፓንኛው ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ተጣድፎም አልተዛነፈም፣ ማኅተሙም በቦታው አለ። በኤምባሲ ደጅ ተሰልፎ ቀጠሮ የጠበቀ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የዚህችን ወረቀት ክብደት ለማወቅ አስረጂ አያሻውም።

ሆኖም የሱጊሃራ ቪዛ ብቻውን አይበቃም ነበር። የመጨረሻ መዳረሻ የሚሆነውን ወረቀት የሰጡት የፊሊፕስ ኩባንያ ተወካይና የኔዘርላንድስ ቆንስል የነበሩት ያን ዝዋርተንዳይክ ናቸው። በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ወደ ኩራሳው ደሴት ለመግባት ቪዛ እንደማያስፈልግ ሲጽፉ፣ የደሴቲቱ አገረ ገዥ ፈቃድ ግን የግድ መሆኑን የሚናገረውን ክፍል ሆን ብለው ተዉት። በላይስቬስ ጎዳና ላይ በ2018 የቆመላቸውን የብርሃን ጠመዝማዛ ሐውልት ቀና ብዬ ስመለከት፣ የሁለቱ ስም ለምን ሁልጊዜ አብሮ እንደማይነሣ አዘንኩ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዘጠነኛው ምሽግ ስደርስ የዚያች ወረቀት ዋጋ ይበልጥ ገባኝ። በጥቅምት 1941 በአንድ ቀን ብቻ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የካውናስ አይሁዳውያን፣ ሕፃናት ጭምር፣ በጥይት የተፈጁት እዚህ ነው። የሊትዌኒያ አይሁዳውያን በሶቪየት ዜግነት ሥር ስለወደቁ፣ ብዙዎቹ ቪዛ ቢያገኙ እንኳ መውጣት አይችሉም ነበር።

ክብሩ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሱጊሃራ በ1947 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ወጡ፤ የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም ጻድቅ ብሎ ሲያከብራቸው ሕመም ስለጠናባቸው ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ አልቻሉም፣ በ1986ም አረፉ። ዝዋርተንዳይክ ደግሞ በ1976 አርፈው፣ ያው ማዕረግ የተሰጣቸው ገና በ1997 ነው። ካውናስ የሚሄድ ሰው ከኮረብታው ቤት ወርዶ የላይስቬሱን ሐውልት ሳያይ እንዳይመለስ እለምናለሁ።