ካሪያኩ፦ ጀልባ በዓይን የሚለካባት ደሴት

በካሪቢያን ባሕር ካለችው ከግሬናዳ ዋና ከተማ ከሴንት ጆርጅስ ወደ ካሪያኩ በመርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ የግሬናዳን ዳርቻ ተከትሎ ስለሚሄድ ሰላም ነው። ክፍት ባሕር ሲገባ ግን ሆድ ይገላበጣል። እዚያ አካባቢ ከውኃው ሥር ኪክ ኤም ጄኒ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ሰው ያወቀው በ1939 ሲፈነዳ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መርከቦች በላዩ አያልፉም፣ ይዞሩታል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ይህን ሁሉ እየነገሩኝ ኬካቸውን በሰላም ይበሉ ነበር።

ካሪያኩ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። ወንዝ የላትም፤ ሰው የጣሪያ ዝናብ አጠራቅሞ ነው የሚኖረው። ሂልስቦሮ የምትባለው ከተማ አንድ ዋና መንገድ፣ ጥቂት ሱቆችና ወደብ ናት። ወደቡ አጠገብ የዛጎል ሐብልና ቲሸርት የሚሸጡ አሉ። ክፉ አይደለም፣ ግን ያንኑ ሐብል ሌላም ደሴት ላይ ታገኙታላችሁ። እኔን የሳበኝ ዊንድዋርድ ነው።

ዊንድዋርድ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለ መንደር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የስኮትላንድ ጀልባ ሠሪዎች መጥተው ሰፈሩበት፤ ዛሬም የመንደሩ ሰው ማክላረንና ኮምፕተን በሚሉ ስሞች ይጠራል። ሙያው ግን የሁሉም ሆኗል። ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም። ጀልባው የሚሠራው ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው።

ስደርስ አንድ ጀልባ ጎድን ጎድኑ ብቻ ቆሞ ነበር። ሠሪው አዛውንት ናቸው። ፕላኑን ሊያሳዩኝ ይችሉ እንደሆን ጠየቅኋቸው። ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው ጠቆሙና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

የታችኛው ዋና ግንድ ከጉያና የሚመጣ ግሪንሃርት የሚባል እንጨት ነው፤ ድንጋይ በሉት። ጎድኖቹ የደሴቷ ዋይት ሲዳር ናቸው። ዛፉ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ከምናውቀው ጃካራንዳ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ብልሃቱ እንጨቱን ማጉበጥ ሳይሆን የጎበጠውን መፈለግ ነው። አናጢው ጫካ ገብቶ ቅርንጫፉን እያየ፣ ይህ ለአፍንጫው፣ ያ ለሆዱ ይላል። ቀጥ ያለ እንጨት በኃይል ቢታጠፍ ጉልበቱን ያጣል፤ በተፈጥሮው የጎበጠው ግን ማዕበሉን ይችለዋል። የሚቆረጠውም ጨረቃ ስትጎድል ነው፤ አለዚያ ነቀዝ ይገባዋል ይላሉ። ስለ ጨረቃዋ አልፈርድም። ከዚያ ጣውላው ይለበጣል፣ በመጋጠሚያዎቹ መሃል ጥጥ እየተጠቀጠቀ ይደፈናል።

እነዚህ ጀልባዎች ዓሣ አስግረዋል፣ ጭነት አመላልሰዋል። ኮንትሮባንድም ነበር። ሴንት ባርትስ ከምትባል ደሴት ዊስኪና ሲጋራ ጭነው በሌሊት የሚገቡበት ዘመን ረጅም ነው፤ ሽማግሌዎቹ አሁንም ሲያወሩት ፈገግ ይላሉ። መቼም ጉምሩክን ማምለጥ ያለበት ጀልባ በደንብ መሠራት አለበት።

ጀልባው ሲያልቅ ድግስ ነው። ቄስ ይባርከዋል፣ የክርስትና አባትና እናት ይሰየሙለታል። ፍየል ወይም በግ ይታረድና ደሙ ጀልባው ላይ ይረጫል። ከዚያ ደግፈው ያቆሙትን ምሰሶዎች በመጥረቢያ ይቆርጧቸዋል። ጀልባው ቀስ ብሎ በጎኑ ይተኛል፣ በግንድ ላይ እየተንከባለለ በገመድ ወደ ባሕር ይጎተታል። የሚጎትተው መንደሩ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ገመድ ይይዛል። ጃክ አይረን የሚባለው አረቄም ይቀዳል። ከአልኮሉ ብዛት የተነሳ በረዶ ሲጨመርበት አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል።

ይህን ድግስ ደጋግሞ የሳለ ሰው ነበር፤ ካኑት ካሊስት ይባላል። በ1914 ተወልዶ በ2005 ያረፈ፣ የሌስቴር መንደር ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ሥዕል ማንም አላስተማረውም። በልጅነቱ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት ባሕር ዳር እንዳየ ይናገር ነበር፤ እሷም በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች። ሰርጉን፣ ጭፈራውን፣ ጀልባውን ይስላል፣ ከሥሩ ደግሞ ምን እንደሆነ በገዛ ፊደል አጣጣሉ ይጽፋል። ሥራዎቹን ያየሁት ሂልስቦሮ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ቤቱ ድሮ የጥጥ መዳመጫ ነበር። አንዳንዶች የልጅ ሥዕል ይመስላል ይላሉ። አልስማማም። ገመድ የሚጎትቱትን ሰዎች ብቻ እዩ፤ ማን እየለፋ፣ ማን እያስመሰለ እንደሆነ ይታወቃል።

የከበሮ ሠሪዎቹን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ቢግ ድረም የሚሉት ጭፈራ ሦስት ከበሮ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ቡላ፣ መሪው ኮት ይባላሉ። ቀድሞ ከግንድ ይፈለፈሉ ነበር፣ በኋላ የሩም በርሜል ተተካ። ቆዳው የፍየል ነው። ዘፈኖቹ በባርነት የመጡትን አያቶች በየብሔራቸው ይጠራሉ፦ ክሮማንቲ፣ ኢግቦ፣ ማንዲንግ።

እኔ ከሄድኩ በኋላ ሁለት ነገር ሆነ። በ2023 ዩኔስኮ የካሪያኩንና የጎረቤቷን ደሴት የፔቲት ማርቲኒክን የእንጨት ጀልባ አሠራር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። በጁላይ 1 ቀን 2024 ደግሞ በሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቷን መታት። አብዛኛው ቤት ጣሪያውን አጣ፣ ጀልባዎች ተሰባበሩ። ለእኔ ከመዝገቡ ይልቅ ትእዛዝ ይበልጣል። አዲስ ጀልባ የሚያሠራ ሰው ካልመጣ ወጣቱ ከአናጢዎቹ አጠገብ ቆሞ የሚያየው ሥራ አይኖርም፤ ፕላን የሌለው ሙያ ደግሞ ከማየት በቀር መማሪያ የለውም።

የሄድኩት ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ ከ1965 ጀምሮ ለሚካሄደው የጀልባ ውድድር ነበር። ዳር ቆሜ የሰማሁት ክርክር ስለ ካፒቴኖቹ አይደለም። ከኋላ የቀረው ጀልባ ሆዱ ሰፍቷል፣ ማን ነው የሠራው? ባለቤቱ ገንዘብ ቆጥቦ ነው፣ አይደለም ሸራው ነው፤ እንዲህ ሲጨቃጨቁ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገቡ፣ ማን እንደቀደመ እንኳ በቅጡ ያየ አልነበረም።